ከሥልጠና ስንመለስስ? የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ስለ ተከታታይ ሥልጠና ደጋግመው የሚጠይቁኝ

እዚሁ ሐዋሳ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ሠልጥኛለሁ፣ አሠልጥኛለሁ፣ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ደግሞ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ወስዶኝም ያውቃል። "የትኛውን ሥልጠና ልውሰድ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በቴሌግራም ይጠይቁኛል፣ ዲዩቲ ርክክብ ላይ ይጠይቁኛል፣ አንዷ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከልጆቼ ጋር ስሄድ ይዛኝ ግማሽ ሰዓት አቆመችኝ። ልጆቹ እስካሁን ያነሱብኛል። ስለዚህ የሚመላለሱትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልሳቸው።

ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ግዴታ ነው ወይስ "ቢኖር ጥሩ ነው" ነው?

ግዴታ ነው። ጤና ሚኒስቴር ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻን ከሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር አያይዞታል። ነርስ ሁኑ፣ ጤና መኮንን ሁኑ፣ ሐኪም ሁኑ፣ ፈቃድ ልታድሱ ስትሄዱ ነጥብ ያለው ሰርተፊኬት ትጠየቃላችሁ። አሁኑኑ ፈቃዳችሁን ከመሳቢያ አውጡና የሚያበቃበትን ቀን እዩት። ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አንድ ወር ሲቀረው ነው። ያኔ ደግሞ ያገኘነውን ሁሉ እንወስዳለን። የአእምሮ ሕመምተኞች ዋርድ የምትሠራ ልጅ ነጥብ ለመሙላት ብላ ስለ ክትባት አያያዝ ሦስት ቀን ስትሠለጥን አይቻለሁ። ክትባት ምን አደረገ? ምንም። ግን ሰኞ ጠዋት የሚጠብቃት ድምፅ የሚሰማው ልጅ ነው።

ሰርተፊኬት ከተሰጠኝ ነጥብ አለው ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አምስት ቀን ሙሉ ሠለጠንን፤ ርዕሱ ጥሩ፣ ምሳው ጥሩ፣ ሰርተፊኬቱ ባለ ወርቃማ ጠርዝ። ፈቃድ ላድስ ስሄድ "ይሄ ነጥብ የለውም" ተባልኩ። አዘጋጁ ጋ ስደውል "እኛ እኮ ነጥብ አለው አላልንም" አለኝ። ልክ ነው፣ አላለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አሠልጣኙ ተቋም በሲፒዲ ሰጪነት እውቅና አለው? ይሄ ኮርስ ራሱ እውቅና አግኝቷል? ስንት ነጥብ ይዟል? ተቋሙ እውቅና ስላለው ብቻ የሚሰጠው ሁሉ ነጥብ አለው ማለት አይደለም፣ ኮርሱም ለብቻው መታየት አለበት። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ቴሌግራም ላይም ቢሆን።

ነጥብ የሌለው ሥልጠና ግን ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ከወሰድኳቸው ሁሉ የጠቀመኝ አንዱ ቤሳ ነጥብ አልነበረውም። ብቻ እያወቃችሁ ግቡ።

ኤምኤች ጋፕ ሠልጥኛለሁ። አይበቃኝም?

ለማን ተብሎ እንደተዘጋጀ እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት ይሄን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሳይካትሪስት በሌለበት ጤና ጣቢያ ያለው ነርስና ጤና መኮንን ዋና ዋናዎቹን የአእምሮ ሕመሞች ለይቶ ሕክምና እንዲጀምር ማድረግ። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሁለተኛው እትም ድባቴን፣ ሳይኮሲስን (ሰው ከእውነታ ሲርቅ፣ ለምሳሌ የሌለ ድምፅ ሲሰማ)፣ የሚጥል በሽታን፣ የልጆችና የወጣቶችን ችግር፣ የመርሳት በሽታን፣ ሱስን፣ ራስን መጉዳትንና ራስን ማጥፋትን ይዟል፤ በእነዚህ ውስጥ የማይገቡ ቅሬታዎችንም በአንድ ክፍል ሰብስቧል።

ስለዚህ ይርጋለም ወይም አለታ ወንዶ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ከሆነ ይሄ ዋናው መሣሪያችሁ ነው። የሳይካትሪ ባለሙያ ከሆናችሁ ግን አብዛኛውን ትምህርት ቤት ተምራችሁታል። ለእናንተ የሚጠቅመው የአሠልጣኝነትና የድጋፍ ክትትል ክፍሉ ነው። ጤና ጣቢያ ያለው ልጅ ሠልጥኖ ተመልሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃሎፔሪዶል (የሳይኮሲስ መድኃኒት) ሊጀምር እጁ ሲንቀጠቀጥ የሚደውለው ለእናንተ ነዋ። ስልኩን እንዴት እንደምታነሱለት ማንም አላስተማረንም። እሱን ተማሩ።

ሥልጠና ላይ ሁሉም ይገባኛል፣ ስመለስ ይጠፋኛል። ችግሩ እኔ ጋ ነው?

የብቻችሁ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም በደንብ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት አለ፣ መሪው ዊልያም ሚለር። በሱስ ሕክምና የሚሠሩ 140 ባለሙያዎችን ወስደው አንድ የማማከር ዘዴ ሊያስተምሩ አምስት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን የሁለት ቀን ሥልጠና ብቻ ወሰደ። ሌላው ከሥልጠናው በኋላ ከታካሚ ጋር ያደረገውን ንግግር እየቀዳ ላከና አስተያየት ተሰጠው። ሦስተኛው በስልክ የሚያግዘው ሰው ተመደበለት። አራተኛው ሁለቱንም አገኘ። አምስተኛው መጽሐፍና ቪዲዮ ይዞ ራሱን አስተማረ።

የሠለጠኑት ሁሉ ወዲያው ተሻሻሉ። ከወራት በኋላ ግን ሥልጠና ብቻ የወሰዱት ወደ ድሮአቸው ተንሸራተቱ፤ አስተያየት ወይም የስልክ እገዛ ያገኙት የተማሩትን ይዘው ቆዩ። የታካሚዎቹ አነጋገር ራሱ የተለወጠው ደግሞ ሁለቱንም ባገኙት ባለሙያዎች ዘንድ ብቻ ነበር።

ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ የሥልጠና ማስታወቂያ ሲመጣልኝ ቀድሜ የምጠይቀው አሠልጣኙ ማን እንደሆነ ወይም ስንት ቀን እንደሆነ አይደለም። "ከተመለስን በኋላ ማን ይደውልልናል?" እላለሁ። መልሱ "ማንም" ከሆነ ወይ አልሄድም፣ ወይ ከሄድኩ እዚሁ ሆስፒታል የሚከታተለኝ ሰው ቀድሜ አዘጋጃለሁ።

ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ልምድ ከሥልጠና አይበልጥም?

ሲስተር፣ በአክብሮት ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት 170 የሳይኮቴራፒ ባለሙያዎችንና ከ6,500 በላይ ደንበኞቻቸውን ለዓመታት ተከታተለ። ባለሙያዎቹ ልምድ እየጨመሩ ሲሄዱ የደንበኞቻቸው ውጤት በአማካይ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም በጣም ትንሽ ቀንሷል። ስመለከተው ደንግጬ ነበር፣ እኔም አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ምክንያቱ ግን የሚገባ ነው። ቀዶ ሐኪም ሲሳሳት ደሙን ያያል። እኛ የተሳሳትንበት ታካሚ ዝም ብሎ ይቀራል፣ ቀጠሮው ያልፋል፣ እኛም "ተሽሎት ነው" ብለን እንጽናናለን።

ከጠፉት ታካሚዎቻችሁ ለሦስቱ ደውሉ። ለምን እንዳልመጡ ጠይቁ። ብዙ ሥልጠና ከሚነግራችሁ በላይ ይነግሯችኋል። (አንዱ የነገረኝ፦ "አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ፣ ግን ሳወራ ትጽፊያለሽ።")

ሱፐርቪዥን የሚሰጠን፣ ማለትም ሥራችንን እያየ የሚያርመን፣ ሰው የለም። ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የጠቀመን ነገር ይሄ ነው።

እኛ ሐሙስ ከሰዓት ከተመላላሽ በኋላ አራት ሆነን እንቀመጣለን። አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ሁለት። አንድ ሰው አንድ ኬዝ ያመጣል። ኬዙ "በደንብ የሠራሁት" መሆን የለበትም፤ የተጣበቀበት፣ ያናደደው፣ ያስፈራው ይሁን። አሥር ደቂቃ ያወራል፣ ማንም አያቋርጠውም። ከዚያ አንዱ ታካሚ ይሆናል፣ ኬዙን ያመጣው ራሱን ይሆናል፣ እናጫውተዋለን። ሮል ፕሌይ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ሁለት ወር ያህል ሳቅ ብቻ። አንድ ቀን ግን እኔ ድባቴ ያለበትን ሰው ስጠይቅ የነበረውን ስጫወት፣ እንቅልፉን ጠየቅኩ፣ ምግቡን ጠየቅኩ፣ ተስፋ መቁረጡን ጠየቅኩ፣ ወደ መድኃኒት አለፍኩ። ታካሚ ሆኖ የተጫወተው ባልደረባዬ "ራሴን ላጠፋ እንደማስብ አልጠየቅሽኝም" አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው መጠየቅ እንዳለበት አሳምሬ አውቃለሁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደማይተክልም ለሌሎች አስተምራለሁ። ግን ሰው ሲያየኝ ዘለልኩት። ሰው ሳያየኝ ስንቴ ዘልዬው ይሆን?

አስተያየቱ "ጥሩ ነው፣ በርቺ" እንዳይሆን መመዘኛ ያዙ። ኢናክት የሚባል አለ፤ መጀመሪያ ሲዘጋጅ 18 ነጥብ ነበረው። ሥነ ልቦናዊ እገዛ የሚሰጥ ማንኛውም ሰው ሊኖረው የሚገባውን መሠረታዊ ችሎታ ይመዝናል፦ እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ ምስጢር መጠበቅን እንዴት እንደሚያስረዳ፣ አደጋን እንዴት እንደሚጠይቅ። የወደድኩት ጎጂ ባሕርይንም ለብቻው መመዝገቡን ነው። ሰው እያወራ ስልክ ማንሳት ወይም ወረቀት መሙላት እዚያ ውስጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ኢኩዊፕ በሚባለው መድረካቸው ላይ በነፃ አስቀምጠውታል።

ሳይካትሪስት ካላችሁ በወር አንዴ ጋብዙት። ከሌላችሁ ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አንድ ሰው በስልክ ያዙ። አብዛኛው ሰው "በወር አንድ ሰዓት" ሲባል እሺ ይላል፤ "ሱፐርቫይዝ አድርገን" ስትሉት ነው የሚሸሸው።

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ኬዝ መወያየት? እባካችሁ ስም የለ፣ ቀበሌ የለ፣ የካርድ ፎቶ የለ። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት። "የ34 ዓመት አስተማሪ፣ መናኸሪያ አካባቢ" ብላችሁ ስትጽፉ ግማሹ ግሩፕ ያውቀዋል።

መድኃኒት ብቻ መስጠት ሰለቸኝ። የንግግር ሕክምና መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

በሁለት ቀን ሥልጠና ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ባሕርይን በመለወጥ ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና) አትጀምሩ። የቅዳሜና እሁድ ኮርስ ወስዶ በሰኞው ራሱን "ቴራፒስት" የሚል ሰው ያስፈራኛል።

ፒኤም ፕላስን እመክራለሁ፣ "ችግርን መቋቋም ፕላስ" ልትሉት ትችላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው፣ ማኑዋሉ በነፃ ይወርዳል። በሳምንት አንዴ፣ አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው 90 ደቂቃ። አራት ነገር ያስተምራል፦ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ጭንቀትን ማርገብ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ለይቶ መያዝ፣ ከአልጋ ተነስቶ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ፣ የራቁትን ወዳጅ ዘመድ እንደገና መቅረብ። ልዩ ባለሙያ ያልሆነም ሰው ሠልጥኖ፣ ግን ሱፐርቪዥን እያገኘ፣ እንዲሰጠው ነው የተዘጋጀው።

እውነቱን ልናገር፣ 90 ደቂቃ በእኛ ተመላላሽ ክፍል ቅዠት ነው። ኮሪደሩ ላይ አርባ ሰው ቆሞ አንድ ሰው ጋ ሰዓት ተኩል መቀመጥ አይቻልም። እኛ ያደረግነው ረቡዕ ከሰዓትን ለሁለት ሰው ብቻ መያዝ ነው። ኃላፊው መጀመሪያ ተቆጣ። ሦስት ወር ሞክረን በየሳምንቱ ይመላለስ የነበረ አንድ ሰው መምጣቱን ሲቀንስ ራሱ አየና ዝም አለ። ዝምታው ፈቃድ ነው ብለን ቀጠልን።

በቅርብ ዓመታት ምን ተለወጠ? የድሮ ደብተሬ ይበቃኛል?

ሦስት ነገር ብቻ ላንሳ።

ቫልፕሮኤት፣ ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የምንሰጠው መድኃኒት። ልጅ መውለድ ለሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች አትጀምሩ። በፅንሱ ላይ የአካል ጉድለትና የአእምሮ እድገት ችግር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባደሰው መመሪያም ይሄው ተጠናክሯል። ቀድማ የጀመረች ካለች ደግሞ በድንገት አታቁሙባት፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ቀይሩላት።

ጭንቀት። በዚሁ እድሳት የጭንቀት ሕመም ራሱን የቻለ ክፍል አግኝቷል፣ ቤንዞዲያዜፒንም (እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማረጋጊያ መድኃኒቶች) ለዚህ አይመከርም። ዲያዜፓም በልማድ የምንጽፍ ሁላችንም እንስማ።

የተራዘመ ሐዘን። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይሲዲ 11 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ) ይሄን እንደ አንድ ሕመም አስገብቶታል። ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈው፣ ከማኅበረሰቡ ልማድ በግልጽ የወጣና ኑሮን ያናጋ ሐዘን ማለት ነው። "ከማኅበረሰቡ ልማድ" የሚለውን አስምሩበት። አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ባለበት አገር ጥቁር ለብሳ ዓመት የምትቆይ እናት ሕመምተኛ አይደለችም። ሥልጠና ላይ "ስድስት ወር" ብቻ ጽፎ የመጣ ባልደረባ ለቅሶ ላይ ያለችን ሴት ሁሉ መድኃኒት ሊያስጀምር ሲል አይቻለሁ።

ሥልጠናው በእንግሊዝኛ፣ ታካሚዬ በሲዳሙ አፎ። እንዴት ይገናኛል?

በራሱ አይገናኝም፣ እናንተ ናችሁ የምታገናኙት። ከሥልጠና ስትመለሱ የተማራችኋቸውን አሥር ጥያቄዎች በሲዳሙ አፎ እንዴት እንደሚባሉ ከሚችል ባልደረባ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉ። ቃል በቃል ሳይሆን ሰው ቤቱ እንደሚናገረው። አንድ የጽዳት ሠራተኛችን ከእኛ ሁሉ የተሻለ አማርኛውን ወደዚያ ገለበጠችልን፤ "ድባቴ" የሚለውን ቃል ትታ ሰውየው ምን እንደሚሆን ነው የነገረችን። ለካርድ ሠራተኛ ወይም ለታካሚው ልጅ ግን የትርጉም ሥራ አታሸክሙ። ልጅ ፊት አባት ራሱን ሊያጠፋ ማሰቡን አይናገርም።

ጸበል ወይም ጸሎት ቤት ቆይቶ የሚመጣ ታካሚም አለ፣ ብዙ። "እዚያ ምን ተባልክ?" ብሎ መጠየቅም ይሠለጠናል። መቆጣት አይጠይቅም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወደዚያም መሄድ እንደሚችል ማስረዳት ብዙ ሰው በሕክምናው ላይ ያቆያል።

ኦንላይን ሥልጠና ይሠራል?

ለእውቀት ይሠራል፣ ለእጅ ሥራ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ኳሊቲ ራይትስ የሚባለው ስለ ታካሚዎች መብት የሚያስተምር ነፃ ኮርስ አለው፤ ታካሚ ስናስርና በር ስንቆልፍ ምን እያደረግን እንደሆነ እንደገና አሳሰበኝ። ውሰዱት። መብራት ሲመጣ ፒዲኤፉን አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ሌሊት ዲዩቲ ላይ ኔትወርክ እንዳትለምኑ።

ማስተርስ ልቀጥል ወይስ አጫጭር ሥልጠና ይሻለኛል?

የምትፈልጉትን እወቁ። ማስተማር፣ ምርምር ወይም ኃላፊነት ከሆነ ማስተርስ። አሁን ያለችውን ታካሚ በተሻለ ማከም ከሆነ አጭር ሥልጠናና ቋሚ ሱፐርቪዥን። ለሐኪሞች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሯል። በፊት ሰው ሳይካትሪስት ለመሆን ውጭ አገር ሄዶ ብዙውም አይመለስም ነበር። ከካናዳ ቶሮንቶ የሚመጡ መምህራን ለተወሰኑ ሳምንታት እየተመላለሱ ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪው ግን አገሩ ላይ፣ የራሱን ታካሚ እያየ ነው የተማረው። የእኔ አድልዎ ከወዴት እንደሆነ ገብቷችኋል።

አበል ከሌለ ማን ይመጣል?

ጥቂት ሰው። ግን እነዚያ ጥቂቶች ይቆያሉ። ደመወዙን የምናውቀው ነገር ነው፣ አበል የጠየቀን ሰው አልወቅስም፤ እኔም ተቀብያለሁ። ብቻ አበል ያለበት ሥልጠና ላይ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ተራው የደረሰው እንጂ ሥራው የሚነካው አይደለም። ኃላፊ ከሆናችሁ ይሄን ማስተካከል በእናንተ እጅ ነው።

ራሴ ደክሞኛል። ሥልጠና ይረዳኛል?

ሥልጠና ዕረፍት አይደለም። መጀመሪያ ተኙ፣ ፈቃዳችሁን ውሰዱ፣ ካስፈለገ ሐኪም እዩ፤ ለታካሚ የምንለውን ለራሳችን አንልም እኮ። ከዚያ በኋላ ግን ከሚመስላችሁ ሰው ጋር ስለ ከባዱ ኬዝ ማውራት ያቀላል። እኔን ያቀለለኝ እሱ ነው።

የሐሙሱ ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው መምጣት ይችላል?

ይችላል፣ ከጤና ጣቢያም ቢሆን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን፣ ማለትም አሥር ሰዓት። ነጥብ የለውም፣ አበል የለውም፣ ቡና አለ። ያቃታችሁን ኬዝ ይዛችሁ ኑ፣ የታካሚውን ስም ቀይራችሁ።